የኦንላይን ዲግሪ እውነተኛ ነው? ብሩስ ያዋጣል?

ከወር ከምናምን በፊት ነው። አራት ኪሎ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን የአክስቴ ልጅ ስልኳን ወደኔ ገፋ አደረገችው። «እስቲ ይቺን እያት» አለችኝ። በቴሌግራም የመጣ መልእክት ነው። የአንድ የውጭ አገር ኦንላይን ዩኒቨርሲቲ ስም አለው። ዓምድ በዓምድ የሆነ የሚያምር ሕንፃ ፎቶም አለው። ዲግሪ በ6 ወር ይላል። የሥራ ልምድ እንደ ኮርስ ይቆጠራል ይላል። ዋጋው 1,200 ዶላር ነው፤ ዛሬ ለተመዘገበ ግን 300።

እሷ ሌቭል 4 ጨርሳ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ትሠራለች። እዚያ መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ሁለት ጊዜ የደረጃ እድገት ወጥቶ «ዲግሪ የላትም» ተብላ ታልፋለች። እቁቧ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊወጣላት ነው። «እውነተኛ ነው ወይስ ሊበሉኝ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

የእሷ ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። እዚያው አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ብትገቡ ላፕቶፑን ከፍቶ የውጭ ኮርስ የሚከታተል ወጣት ሞልቷል። ወጥታችሁ ታክሲ ስትይዙ ደግሞ «የኦንላይን ዲግሪ? እሱማ ውሸት ነው» የሚል ሰው አታጡም። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ተለያየ ነገር ነው። ስሙ ብቻ አንድ ሆኖባቸዋል።

ኦንላይን ዩኒቨርሲቲ ሲባል ምን ማለት ነው?

በዚህ ስም የሚጠሩ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው እውነተኛው ዩኒቨርሲቲ ነው። መምህር አለው፣ ፈተና አለው፣ የሚወድቅ ተማሪ አለው። ልዩነቱ ክፍሉ በኢንተርኔት መሆኑ ብቻ ነው። ዲግሪውን ለመጨረስ ዓመታት ይፈጃል።

ሌላው አጫጭር ኮርስ ነው። ኮርሴራ እና ኤዴክስ የሚባሉት ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመሩ ናቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም እዚሁ ይመደባል። ሲጨርሱ የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። ወረቀቱ አንድ ነገር መማራችሁን ያሳያል እንጂ ዲግሪ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታል። የትልቅ ዩኒቨርሲቲ አርማ ያለበት ሰርተፊኬት ይዞ «እዚያ ተምሬያለሁ» ብሎ ሲቪ ላይ የሚጽፍ አለ። አያስኬድም። ቀጣሪው የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ያስገምታል።

ሦስተኛው ትምህርት ቤት የሚባል ነገር የለውም። ወረቀት ይሸጣል። ችግሩ ከላይ ሲታይ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት መምሰሉ ነው። ድረ ገጹ ያምራል። ስልክ የሚያነሳ ሰው አለው። «አማካሪ» ይመደብላችኋል።

ክፍል ሳይገባ የተማረ ሰው ዲግሪ እንዴት እኩል ይሆናል?

ይህ ጥርጣሬ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ክረምት ላይ መንግሥት የርቀት ትምህርትን በሙሉ አግዶ ነበር። የተሰጠው ምክንያት ጥራት ነበር። ኋላ ላይ እገዳው ቢነሳም ያኔ በትምህርት ላይ የነበረ ሰው የደነገጠውን ድንጋጤ አይረሳውም። «የርቀት ነው የተማረው» የሚለው አባባል ውስጥ ዛሬም ያቺ ንቀት አለች።

ነገር ግን በርቀት መማር አዲስ ነገር አይደለም። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የርቀት ዩኒቨርሲቲ ነው። ኔልሰን ማንዴላ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የጨረሱት በእሱ በኩል ነው። የሕግ ዲግሪያቸውንም እስር ቤት ሆነው ከዚያው አግኝተዋል፤ ወረቀቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ዩኒሳ እዚህ አዲስ አበባም አቃቂ ላይ ማዕከል አለው። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1971 ማስተማር ጀመረ። ያኔ ኢንተርኔት የለም። ትምህርቱ በፖስታ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ነበር። የሕንዱ ኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ በቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ በኩል እዚሁ ከተማ ውስጥ ስንቱን ማስተርስ አስጨርሷል።

ከቅርቡ ደግሞ የአሜሪካው ጆርጂያ ቴክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርሱን በኦንላይን ማስተማር ጀመረ። ጠቅላላ ክፍያው 7,000 ዶላር አካባቢ ነው። ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ለሚማረው ከሚጠየቀው በብዙ ያነሰ ነው። የሚሰጠው ዲግሪ ግን ያው ነው። ወረቀቱ ላይ «ኦንላይን» የሚል ቃል የለበትም።

ስለዚህ ኦንላይን መሆኑ ብቻውን ዲግሪን ውሸት አያደርገውም። እውነተኛም አያደርገውም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፤ ከወረቀቱ ጀርባ ማን ቆሟል?

እውቅና የሚባለው ነገር ምንድን ነው?

ወርቅ ልትሸጡ ፒያሳ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ባለሱቁ ቀለበቱን በስንት እንደገዛችሁት ቢሰማም ለሱ ምኑም አይደለም። ጥቁር ድንጋይ ላይ ፈግፈግ ያደርገዋል። በቀረው መስመር ላይ አሲድ ጠብ ያደርግበታል። መስመሩ ሟሙቶ ከጠፋ ወርቅ አይደለም። ካልጠፋ ካራቱን ይነግራችኋል።

ዲግሪም እንደዚያ ነው። የሸጣችሁ ሰው የነገራችሁ ዋጋ ገበያ ላይ አይሠራም። የሚሠራው ሌላ ሰው ሲፈትነው የሚያገኘው ነው። ያ ሌላ ሰው ቀጣሪ ሊሆን ይችላል፣ ማስተርስ የምታመለክቱበት ዩኒቨርሲቲ ሊሆን ይችላል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል። እነሱ ሁሉ አሲድ ይዘው መዞር አይችሉም። የሚያዩት ማኅተሙን ነው፤ ማኅተሙም እውቅና ይባላል። ከትምህርት ቤቱ ውጪ ያለ፣ ሥልጣን ያለው አካል መምህራኑን፣ ሥርዓተ ትምህርቱን፣ የፈተና አሰጣጡን አይቶ «ይህ ተቋም ዲግሪ መስጠት ይችላል» ብሎ ሲመሰክር ማለት ነው።

ማን እንደሚመሰክር ከአገር አገር ይለያያል። በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ለመስጠት በሕግ የተሰጠ ሥልጣን ያስፈልገዋል። በአሜሪካ መንግሥት ራሱ እውቅና አይሰጥም። እውቅና የሚሰጡ ገለልተኛ ድርጅቶች አሉ። መንግሥት የሚያውቀው እነዚያን ድርጅቶች ነው። በእኛ አገር የትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ነው፤ ቀድሞ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ይባል የነበረው።

የእኛ ላይ ልብ በሉ። እዚህ አገር እውቅና ለኮሌጁ በጅምላ አይሰጥም። የሚሰጠው በትምህርት መስኩ፣ በካምፓሱ እና በአሰጣጡ ነው። አንድ ኮሌጅ አንዱ ቅርንጫፉ ላይ አካውንቲንግን በመደበኛ ለማስተማር ፈቃድ አለው ማለት ያንኑ አካውንቲንግ በርቀት ለማስተማር ፈቃድ አለው ማለት አይደለም። ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለው ወረቀት ለየትኛው እንደሆነ ቆማችሁ አንብቡት። እኔ አንድ ኮሌጅ ጋ አነበብኩት። የተሰቀለው ፈቃድ የሌላ ቅርንጫፍ ነበር። መዝጋቢዋ ልጅ «እሱ ችግር የለውም፣ ያው ነን» አለችኝ። ያው አይደሉም። በዚያ ላይ በ2017 ዓ.ም. የግል ተቋማት በዳግም ምዝገባ ውስጥ አልፈዋል። የዛሬ አምስት ዓመት ፈቃድ የነበረው ዛሬ ላይኖረው ይችላል።

ወረቀት ሻጮቹን በምን እንለያቸው?

ወደ አክስቴ ልጅ ስልክ እንመለስ። ካፌው ውስጥ ሆነን «አማካሪው» ጋር ጻፍን። ጥያቄያችን አንድ ነበር፤ «እውቅና የሰጣችሁ ድርጅት ማን ይባላል?» በሁለት ደቂቃ ውስጥ ፒዲኤፍ ላከ። ንስር ያለበት ማኅተም አለው፣ ወርቃማ ሪባን አለው፣ «ዓለም አቀፍ» የሚል ቃል ሦስት ቦታ አለው። የድርጅቱን ስም ኮፒ አድርጌ የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ ያለው መዝገብ ውስጥ ፈለግኩት። መዝገቡን ማንም ሰው በነፃ ማየት ይችላል። ስሙ የለም። የዩኒቨርሲቲውንም ስም ፈለግኩ። የለም። ይህንኑ ጻፍንለት።

መልሱ «ለእርስዎ በ250 ዶላር እናድርግልዎ» የሚል ነበር።

የእውቅናን ጥያቄ በቅናሽ የሚመልስ ትምህርት ቤት የለም። ዩኒቨርሲቲው ብቻ ሳይሆን እውቅና ሰጪውም የፈጠራ ሊሆን እንደሚችል ብዙ ሰው አይጠረጥርም። ግን ይህ በሰፊው የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 ኒውዮርክ ታይምስ አክሳክት የሚባል የፓኪስታን ኩባንያ ጉድ አወጣ። መቀመጫው ካራቺ የሆነው ይህ ኩባንያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ነበሩት። የሌሉ ዩኒቨርሲቲዎችን ፈጥሮ ዲግሪ ይሸጥ ነበር። የሌሉ እውቅና ሰጪዎችንም አብሮ ፈጥሮ ነበር። ገዢው ሲያጣራ እነሱኑ ያገኛል፤ «አዎ፣ እናውቃቸዋለን» ይሉታል። ከገዙት መካከል ቆይቶ ስልክ የተደወለላቸው አሉ። «ተጨማሪ ክፈል፣ ካልከፈልክ ወረቀትህ ውሸት መሆኑን እናጋልጣለን» ተብለዋል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። 300 ዶላሩ ሄዶ የሚቀር ገንዘብ ነው። ስማችሁ ግን እነሱ እጅ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ስታጣሩ እነሱ የላኩላችሁን ሊንክ አትጫኑ። ከመንግሥት መዝገብ ተነስታችሁ ወደነሱ ሂዱ እንጂ ከነሱ ተነስታችሁ ወደ መዝገብ አትሂዱ። የድረ ገጹ ስም መጨረሻም ብቻውን አያሳምናችሁ። «ዶት ኢዱ» (.edu) የሚለው እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ እውቅና ላላቸው የአሜሪካ ተቋማት ብቻ ነው የሚሰጠው። ከዚያ በፊት የያዙት ግን እንደያዙት ቀርተዋል።

ሌላው ምልክት ችኮላ ነው። ባችለርን በ6 ወር እሰጣለሁ ብሎ ለማንም ቃል የሚገባ ካለ ተጠራጠሩ። የሥራ ልምድን ለተወሰኑ ኮርሶች የሚቆጥሩ እውነተኛ ተቋማት አሉ፤ ግን ፈትነው፣ ማስረጃ አይተው ነው። ሳይፈትን፣ ማስረጃ ሳያይ ዲግሪውን በሙሉ በልምድ የሚሰጥ እውነተኛ ተቋም የለም።

እሺ፣ እውቅና ያለው ነው እንበል። እዚህ አገር ይሠራልኛል?

ይህ ወረቀቱን ማን እንደሚያየው ላይ ይወሰናል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የውጭ ዲግሪ አቻ ግምት ይጠየቅበታል። አቻ ግምት ማለት የትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን «ይህ የውጭ ወረቀት በእኛ አገር ከዚህ ደረጃ ጋር እኩል ነው» ብሎ የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። ሰው የሚሳሳተው ዲግሪውን ከጨረሰ በኋላ ስለሚሄድ ነው። ሳትመዘገቡ በፊት ሂዱ። የዩኒቨርሲቲውን ስም፣ የትምህርት መስኩን፣ በኦንላይን መሆኑን ጽፋችሁ ጠይቁ። መልሱን በወረቀት ብታገኙት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ግማሽ ቀን ይፈጅባችሁ ይሆናል። አራት ዓመት ከማባከን ይሻላል።

ከዲግሪው በፊት ያለው የትምህርት ሰነዳችሁም ይታያል። የውጭው ዩኒቨርሲቲ የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁን ብቻ አይቶ ሊቀበላችሁ ይችላል። እዚህ ግን ከሌቭል 4 ተነስቶ ወደ ዲግሪ ያለፈ ሰው የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ወረቀቱን ይጠየቃል። አንድ ቀለበት ከጎደለ ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ይበጠሳል።

የግል ድርጅትና የውጭ ድርጅት ላይ ነገሩ ላላ ይላል። ከውጭ አገር ደንበኛ ጋር በኢንተርኔት የሚሠራ ሰው ደግሞ ዲግሪውን ጠያቂም ላያገኝ ይችላል። የሠራኸውን አሳየኝ ነው የሚሉት። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አጭር ኮርስ ከዲግሪ በላይ ሊጠቅመው ይችላል።

በአገር ውስጥ በርቀት ወይም በኦንላይን ለሚማር ሌላ በር አለ፤ የመውጫ ፈተና። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ ይፈተናል፣ የመንግሥትም ይሁን የግል። ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። በመጀመሪያው ዙር ከግል ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት ከመቶ 17 ገደማ ነበሩ። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ግን ይጠቅማል። ኮሌጅ ስትመርጡ «ባለፈው ፈተና በዚህ መስክ ስንት አስፈትናችሁ ስንት አለፈላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ለመመለስ የሚያንገራግር ኮሌጅ መልሱን ነግሯችኋል።

በኦንላይን ብቻ የማይሆኑ መስኮችም አሉ። ነርስነት ታማሚ ሳይነኩ አይለመድም። ላብራቶሪ የሚፈልግ ትምህርት ላብራቶሪ ይፈልጋል። ይህን በላፕቶፕ ብቻ አስተምራለሁ የሚል ካለ ተጠንቀቁ።

ዋጋው በእርግጥ ስንት ነው?

ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ሙሉው ዋጋ አይደለም። ጥሩ ምሳሌ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተ፣ ከ2014 ጀምሮ በአሜሪካ እውቅና ያለው ኦንላይን ዩኒቨርሲቲ ነው። «ከክፍያ ነፃ» ነው እየተባለ ነው የሚወራለት። እውነት ነው፣ የማስተማሪያ ክፍያ የለውም። ለእያንዳንዱ ኮርስ ግን የምዘና ክፍያ አለ። ከ100 ዶላር በላይ ነው። ለባችለር 40 ኮርስ ያስፈልጋል። አባዙት፤ ከ4,000 ዶላር በላይ ይመጣል። በዓለም ሲታይ ርካሽ ነው። የነፃ ትምህርት ድጋፍም ማመልከት ይቻላል። ግን ነፃ ብሎ የገባ ሰው ሦስተኛው ኮርስ ላይ ይደነግጣል።

ከዚያ ምንዛሪው አለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት 1,000 ዶላር በባንክ 57 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ከለውጡ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ሺህ ብር አለፈ። ያኔ መሃል ላይ የነበሩ ተማሪዎች የቀራቸው ክፍያ በብር ሲሰላ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ደመወዙ በብር ሆኖ ክፍያው በዶላር የሆነ ሰው ይህን አደጋ ከመጀመሪያው ማሰብ አለበት። መክፈያ መንገዱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ባንክ የቅበላ ደብዳቤና የክፍያ መጠየቂያ ይፈልጋል። ብዙው ሰው ውጭ ያለ ዘመድ ካርድ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ዘመድ ደግሞ አንዴ ይከፍላል፣ ሁለቴ ይከፍላል። አርባ ጊዜ ላይከፍል ይችላል።

ላፕቶፕ፣ የኢንተርኔት ጥቅል፣ መብራት ሲጠፋ የሚሮጥበት ካፌና የሚጠጣው ቡና ሁሉ ወጪ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ግን ሰዓት ነው። አንድ የማውቀው ልጅ ሥራውን የሚያስረክብበት ቀነ ገደብ በአሜሪካ ሰዓት ረቡዕ ለእኩለ ሌሊት አምስት ጉዳይ ነው። በእኛ ሐሙስ ጠዋት 1፡55 መሆኑ ነው። ሁልጊዜ ሐሙስ ሌሊት 10 ሰዓት ይነሳል። አንድ ቀን መብራት ሄደ። ፒጃማውን እንደለበሰ ላፕቶፑን አቅፎ ጎረቤት በር አንኳኳ። ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ገባለት። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሯል። እሱ የከፈለውን ዶላር ሲጠይቁት ይናገራል፣ እንቅልፉን ግን አይቆጥረውም።

ታዲያ ለማን ነው የሚያዋጣው?

እኔ እስካየሁት ድረስ ሥራ ላይ ላለ፣ ወረቀቱን ማን እንደሚያይለት አስቀድሞ ለሚያውቅ፣ ብቻውን ቁጭ ብሎ ማጥናት ለሚችል ሰው ያዋጣል። ለ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ልጅ ግን ልቤ አይቆርጥም። ጓደኛ፣ መምህር፣ ዶርም፣ ክርክር የሌለበት አራት ዓመት ለ18 ዓመት ልጅ ረጅም ነው። ጀምረው የሚያቋርጡት ብዙ ናቸው። ግማሽ ዲግሪ ደግሞ የሚገዛ የለም።

አቅማችሁን ለማወቅ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ከነፃዎቹ ኮርሶች አንዱን ያዙ፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ፣ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት የሚፈጅ። ማንም ሳይቀሰቅሳችሁ ከጨረሳችሁት ለትልቁ መመዝገብ ታስባላችሁ።

የአክስቴ ልጅ እቁቧ ወጣላት። አማካሪውን ብሎክ አድርጋዋለች፤ ከማድረጓ በፊት ዋጋው 180 ደርሶ ነበር። ከእቁቡ ከፍላ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛች። የቀረውን ባንክ አስቀመጠች። ሁለት የአገር ውስጥ ኮሌጆችና አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ስም ደብተሯ ላይ ጽፋለች። ከአንዱ ስም አጠገብ «የርቀት ፈቃድ የለውም» ብላ ሰርዛለች። ሌሎቹን ይዛ ባለስልጣኑ ጋ ለመሄድ ለማክሰኞ ፈቃድ ጠይቃለች። እስከዚያው የነፃውን የፋይናንስ ኮርስ ጀምራለች። ትናንት ማታ ደውላ «ሦስተኛው ሳምንት ከበደኝ፣ ግን አልተውኩትም» አለችኝ።